ባለ ሁለት በር

ይሸጣል — ብዬ በጠመኔ፣ መስታወቱ ላይ ጻፍኩ፤
ማታ ዝናብ ሲያጥብብኝ፣ ጠዋት ስልኬን ደግሜ ለጠፍኩ።
ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ፣ ከቆርቆሮው አጥር ወዲህ፣
ሰባት እርምጃ የሚረዝም፣ መኪና ቆሟል እዚህ።

ተንደርበርድ ይሉታል። ሲሠሩት አሜሪካኖች፣
ለቤተሰብ አላሉም፣ ለጭነት ወይ ለልጆች፤
እንደ ሙሉ ልብስ ለክተው፣ ለአንድ ሰው ነው የሰፉት፣
ከጎኑ ለምትቀመጥ፣ አንዲት ቦታ የተዉት።

ዋጋው የሚቀመስ ነው፤ የቪትዝ ግማሽ አይሞላ፤
ግን ጉዱን ሁሉ ልንገርህ፣ ኋላ እንዳትለኝ ደላላ።

ሞተሩ የሃይስ ነው፣ ናፍጣ ነው ምሳ እራቱ፤
ደመወዝ ይውጥ ነበረ፣ ባለ ስምንቱ የጥንቱ።
የፊት መብራቱ የላዳ፣ ፍሬኑ የላንድክሩዘር፣
ጡሩምባው የአንበሳ አውቶብስ፣ ሲጮህ ሰፈር የሚያሸብር።
ፍጥነት መቁጠሪያው በማይል ነው፤ መርፌው ከሠላሳ አይዘልም፤
ለፒያሳ ያ ይበቃል፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም።
ቀለሙን እኔው ቀይጬ፣ ሦስቴ ቀባሁት፣ ሦስቴ ፋቅኩት፤
ዝናብ አባርቶ ሲመሽ፣ የሚታየውን ሰማይ ፈለግኩት።

አፍንጫው ላይ የብረት ወፍ ነበረች።
ደርግ ሲመጣ ጌታው መኪናውን በሸራ ሸፍነው፣
ወፏን ነቅለው ከግራሶ ጣሳ ውስጥ ከተቷት።
ዛሬም እዚያው ናት። ከገዛህ ያንተ ናት።

አሁን ወደ ቀኙ በር ዙር። እጀታ ፈልግ።
አልተሰረቀም። እኔ ነኝ፣ በቆርቆሮ የደፈንኩት፣
በስቱኮ አለስልሼ፣ እንደ ጉንጭ የወለወልኩት።
አቶ ምናሴ አዘውኝ — የኢንሹራንስ ሒሳብ ሹም፣
ክራባታቸው ከካልሲ፣ አንድ ቀን ተጣልቶ አያውቅም።
ደርግ በወረደ ማግስት፣ ሸራውን ገፈው አመጡትና፣
«ይሄን እጀታ ንቀል» አሉኝ፣ «ከውጭ የሚነካው አይኑር፤
ለእሷ ዘንበል ብዬ ከውስጥ፣ እኔው ልክፈት በክብር።»

አስካለ ነበር ስሟ። ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ፣
ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ትቆም ነበር ከመንገድ ጫፍ።
እሷ በሩን አታንኳኳም፤
እሳቸው ጡሩምባ አይነፉም።
ጠቅ ይላል።
ያቺ ጠቅታ ብቻ ነበረች ሰላምታቸው።

አንድ ቅዳሜ፣ ጫፉ ላይ ማንም አልቆመም።
በሳምንቱም።
ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤
እኔም ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነኝ፣ የሰው ጎን አልጠይቅም።
ብቻ አሥራ ስድስት ዓመት፣ ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት፣
እዚያ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ፤
ከኋላ ታክሲ ሲያምባርቅ፣ ይሄዳሉ።
እስኪ ወንበሩን ዳስሰው። የሾፌሩ ቆዳ አልቋል፣ ስፖንጁ ወጥቷል፤
የጎኑ ግን ገና ይንጫጫል፣ እንደ አዲስ ጫማ።

ሊብሬው ዛሬ በስሜ ነው፤ ቦሎ አለው፤ ዕዳ የለው።
አጥሩ ሊፈርስ ነው ስላሉኝ ነው፣ እንጂ ባልሸጥኩት ኖሮ።
አይ፣ ይሄን አልኩ ብለህ ደግሞ ዋጋ እንዳትሰብርብኝ!

እጀታውን ነው? እተክልልሃለሁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤
ሒሳብም አልጨምርብህ።
አንተ ግን መሪው ላይ ተቀምጠህ ስልክህ ላይ ትደምራለህ፣ ትቀንሳለህ፤
ካፊያው ጀምሯል፤
አብራህ የመጣችው ልጅ
በአንድ እጇ ፀጉሯን ሸፍና፣ በአንዱ
ለስላሳውን ቆርቆሮ ትዳብሳለች።

ልጄ፣
ገበያው ይቆይ።
ዘንበል በል።