የጎደለው ሦስት ባር

ፖሊ ግቢ፣ ምድር ቤት፣ ሌሊቱ ሲጋመስ፣
መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ሲመለስ፣
አንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ ሊትር ብረት ዘግተን፣
የገንዳውን ውሃ ሃያ ሰባት ዲግሪ ላይ አርግተን፣
እኔና አንለይ መርፌው እስኪቆም ጠበቅን።

ሕጉን ብንጠይቀው «ሃያ አምስት ባር» አለ፤
መርፌው ግን ከሃያ ሁለት ንቅንቅም አላለ።
አንለይ በጥፍሩ መስታወቱን ኳ ኳ አደረገና፣
«ጌጁ ሰክሯል» ብሎ ሌላ ጌጅ አመጣና፣
ገጠምነው። ያውና፣
እሱም ሃያ ሁለት።

ታዲያ ሦስቱን ባር ማን በላው?

ሕጉ የሚያውቀው ጋዝ ገላ የለው፣ ዘመድ የለው፣
ለቅሶ የማይደርስ፣ ቢመጣም ወንበር የማይዝ ሰው ነው።
የኛው ግን ሌላ ነው፤
አንዱ ግድግዳውን ሊመታ ሲገሰግስ፣
ሌላው ከኋላ የጋቢውን ጫፍ ይዞ ሲመልስ፣
ቡጢው ይለዝባል ከብረቱ ሲደርስ።
ይህን መጓተት «ሀ» አልነው።

«ለ»ን ያስረዳኝ አጎቴ ይርዳው ነው፣ ፊደል ያልቆጠረው፤
እምቦጭ በወረረን ዓመት መቅዘፊያውን እንዳጋደመው፣
«የካርታው ጣና ሌላ፣ የታንኳዬ ጣና ሌላ» ያለው፤
«አረሙ የተኛበትን ቀንሰሽ ነው ሐይቅ የምትይው።»

ስለዚህ ከሊትሩ ላይ የገላቸውን ቀነስኩ፣
በጎደለው ግፊት ላይ መጓተታቸውን መለስኩ፣
አርባ ንባብ ደርድሬ ስሕተቱን በካሬ ደመርኩ፤
«ሀ» ሲስማማኝ «ለ» ያኮርፋል፣
«ለ»ን ሳባብል «ሀ» ያልፋል፤
ማስያው ይሞቃል፣ ትንኝ ስክሪኑ ላይ ያርፋል።

ሊነጋጋ ሲል ሁለቱም እሺ አሉ።
«ሀ»፦ ሦስት ነጥብ ስድስት እና ትንሽ።
«ለ»፦ አርባ ሦስት ሚሊ ሊትር፤
ያ ሁሉ እልፍ አእላፍ ገላ
ተጠጋግቶ ሲለካ አንድ ጉንጭ ውሃ!
ለምን ይሄ ቁጥር ሆነ ብትሉኝ መልስ የለኝም፤
ከመርፌው ተቀዳ እንጂ ከመርህ አልወጣም።

መስኮቱን ስከፍት የጣና ንፋስ ወረቀቴን በተነው።
«ስልሳ ባር ላይስ?» አለ አንለይ።
ስልሳ ባር ላይ መስመሬ ከነጥቦቹ ይሸሻል፤ አውቀዋለሁ።
ዝም አልኩ።

እናቱ ሦስት ልጅ ቀብራ ነው አንለይ ያለችው።
ብረቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ከገንዳው አወጣው፤
ውሃውን በካፖርቱ እጅጌ ጠርጎ ቫልቩን ከፈተው።
ጋዙ ፉጨቱን እየለቀቀ ወጣ፣
ብረቱ ቀዘቀዘ፣ አንገቱ ላይ ጤዛ ጣለ።

ሕጉ የሚያውቀው ጋዝ
ሲለያይ አይበርደውም።