ሁለት ጊዜ የሚነገር

የአባታችን ቤት፣ ከወደቡ በላይ፣
ነፋስ የማይጠፋው ሊየፓያ ላይ፣
ድሮ አንድ በር ነበረው፤ ዛሬ ሁለት ሆነ፤
ወንድሞቼ ውርስ ሲካፈሉ፣ ኮሪደሩ በጡብ ተደፈነ።
ምሥራቁ ለኦያርስ፣ ምዕራቡ ለቪልኒስ፤
ለእኔ ለማይጋ ወጥ ቤቱ ደረሰኝ፣
ከሁለቱም ወገን በር የሚከፈትብኝ።

“ንገሪው ለዚያ ሰው፣ ጣሪያው ያፈሳል” ሲል አንደኛው፣
“ሰምቷል በይው ለዚያ ሰው” ይላል ሌላኛው።
አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ፤ አንዱን ቃል ሁለቴ፣
አንዴ ወደ ጆሮዬ፣ አንዴ ከአንደበቴ።
በመሀል ሾርባዬ ይቀዘቅዛል።

አባታችን የወደብ ክሬን ነጂ ነበር፤
እሑድ እሑድ ግን ካሜራውን አንግቶ ሲዞር
ልጅ፣ መርከብ፣ በረዶ፣ የጎረቤት ውሻ፣
ያየውን ሁሉ ቀረጸ እስከ መጨረሻ።
ቪልኒስ ጥቅልሉን አንድ ባንድ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባ፤
አራት መቶ ጊጋባይት። የአንድ ሰው እሑዶች ይህን ያህል ይመዝናሉ።
የኦያርስን ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው፤
“ሳይጨልምብኝ ይላክልኝ በይው” አለኝ። አልኩት።

ተላከ። ከምዕራቡ ክፍል ወደ ፍሪጄ ራስ፣
ራውተሩ ወደተቀመጠበት፤
ከፍሪጄ ራስ ደግሞ እስከ ኦያርስ ድረስ።
ስክሪኑ “አራት ቀን ቀረ” አለ፤
ሾርባ ላሞቅ ማይክሮዌቩን ሳበራ፣ “ስድስት” አለ።
ከሁለቱም ክፍል እኩል ተጮኸብኝ፤
በአሥራ አንድ ዓመት የተስማሙበት ይህ ብቻ ነው።

ራውተሩን ከፍሪጅ ወደ ቁም ሣጥን፣ ከቁም ሣጥን ወደ መስኮት፤
ቻናል ቀየርን፣ የጎረቤት ሞገድ እንደ ገበያ ቀን ቢጋፋበት፤
ፈጣኑን ሞገድ መረጥን፤ እሱ ደግሞ ጡብ አይወድም፣
ግንቡ ጋ ሲደርስ ይዝላል፣ እንደ ሰላምታ አይሻገርም።
ሦስት ቀን ተኩል። እሱም ትርፍ ተባለ።

ሳኒታ፣ የፎቁ ተከራይ ልጅ፣ ፖም እየገመጠች ገባች፤
አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ እኔንም አየች።
“አየሩ ጠባብ መንገድ ነው፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ዝም ይላል፤
ፋይሉ መጀመሪያ ለራውተሩ ይነገራል፣ ራውተሩ መልሶ ይናገራል።
እዚህ ቤት ሁሉ ነገር ሁለት ጊዜ እየተነገረ
እንዴት ይፍጠን?” አለች፣ ፍሬውን እፍ ብላ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

“ገመድ ይሻላል፤ ግንቡን ብሱት።”

ቪልኒስ መሰርሰሪያውን አነሣ፤ ጡቡ አቃሰተ፣ አቧራው ቦነነ።
ኦያርስ ከወዲያ “ንገሪው…” ብሎ ጀመረ፤
እኔ ግን ዳቦ ጎርሻለሁ። (አልዋሽም፣ ሆን ብዬ ነው።)
ብረቱ ወደ መብራቱ መስመር ሲጠጋ፣
“ዝቅ አድርገው! ዝቅ!” አለ በገዛ ድምፁ።
“እሺ” አለ ቪልኒስ። ዝቅ አደረገው።
ይኸው ነው። ያለቀሰ የለም።

ስምንት ሜትር ሰማያዊ ገመድ፣ ከኮምፒውተር እስከ ኮምፒውተር፤
“አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ” አለ ስክሪኑ፤ ቀን የሚባል ነገር የለም።
ማታ ፊልሙን ከፈቱት፣ በየክፍላቸው።
አባታችን አይታይም፣ የሚያነሣው እሱ ነው፤
ጥላው ብቻ በረዶው ላይ ተዘርግቷል።
ኦያርስ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ አስጠግቶ፣ አጥቶ፣
“ኮፍያ አድርጓል?” አለ፣ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ።
“አድርጓል” አለ ግንቡ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የእኛው አፍ አወጣ።
በቀዳዳው ነፋስ ይገባል፤ ይደፈን ያለ ግን የለም።
እኔ ሾርባዬን አሞቅሁ፤ ማይክሮዌቩ እንዳሻው ጮኸ፤
ማንም አልተቆጣም።