ጥያቄ ቁጥር ሃያ ሰባት

የዱንድጎቪ ውርጭ ቀለሙን አርግቶት፣
እስክሪብቶዬን ባፌ ትንፋሽ እያሞቅሁት፣
«የቤቱ ዓይነት?» አልኳት።

«ክብ ነው» አለች ዶልጎር፤
«የተጠቀጠቀ የበግ ጠጉር፣
ስናነሣው ተነሥቶ አብሮን የሚዞር።»
ቅጹ ያለው ሁለት ሣጥን፦ «ቋሚ»ና «ጊዜያዊ»።
«ጊዜያዊ» ላይ ምልክት አኖርኩ።
ነጥብ ቀነስኩ።

«ትምህርት?» «እስከ አራት።»
«ስልክ?» «አንድ፤ ኮረብታው ጫፍ ካላወጡት
ዝም ያለ ድንጋይ ነው።»
«ሐኪም ቤት?» «መቶ አርባ ኪሎ ሜትር፤
እሱም መንገዱ ሲገኝ ነው።»

«ከብት?»
          እዚህ ላይ ቆየች።
ምድጃው ውስጥ ኩበት ጨመረች።
«አምና በጥቅምት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ።
ኋላ ዙድ መጣ፤ በረዶው ቀልጦ፣ ዳግም ረግቶ፣
መስተዋት ውስጥ ቀረ ሣሩ።
እያዩት፣ ባፍንጫቸው እየቆፈሩ፣
ቆመው ደረቁ፤ እንደቆሙ ቀሩ።
አሥራ ዘጠኝ ጻፍ።
አንዷ ታማለች፤ ቢሆንም አትለፋት፣ ጻፍ።»

ሃያ ሰባተኛው፦ «ክፉ ቀን ሲመጣ
እርዳታ የሚጠይቁት ከማን ነው?» ምርጫውን አነበብኩ በተርታ፦
ከመንግሥት፣ ከባንክ፣ ከዘመድ፣ ከማንም።
ሳቀች። ሳቋ አልገባኝም።
«እኔን ነው'ኮ የሚጠይቁኝ!
ሃያ ስድስት ነበር የተረፉኝ።
ባዳም፣ ከማዶ፣ አንድም ሳይቀረው
አፍሮ ደጄ ላይ ቆመ፤ ሰባት ፍየል ሰጠሁት።
ሲወልዱ ይመልሳል፤ ከወለዱለት።
ይሄን የት ትጽፈዋለህ?»
ወረቀቱን ገለበጥኩት።
ጀርባው ባዶ ነው።

መሣሪያው ደመረ፦ ዜሮ ነጥብ ሁለት ሦስት፤
«የመላመድ አቅም፦ ዝቅተኛ»።
አመስግኜ ወጣሁ፤ ጀንበር ልትተኛ።

ከሸለቆው ወገብ መኪናዬ ሰመጠ።
ጎማው በዞረ ቁጥር ባሰበት፣ ጠለቀ።
የእኔም ስልክ ድንጋይ ሆነ።
ጣቶቼን መቁጠር ጀመርኩ፣ የትኛው እንደደነዘዘ፣
የትኛው እንደዳነ።

ሻይ እስኪፈላ ባለ ጊዜ መጡ፤
ባዳም በግመሉ፣ እሷ በገመዷ።
መብራቴ ከኮረብታው ወዲያ ዞሮ ሳይታያት ሲቀር
ጥላ ተነሥታለች ምድጃዋን እንደነደደ።

ጎማው ሲላቀቅ፣ ትንፋሿ እየጨሰ፣
«ቁጥሬ ስንት ደረሰ?»
ነገርኳት።
«ዝቅ ያለ ነው?»
«አዎ።»
«ጥሩ። ዝቅ ሲል ድርቆሽ ይልካሉ?»
አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኳት።

ገመዱን ልትጠቀልል ጎንበስ አለች፤
በረዶ የጠጣ ገመድ ነው፣
ቶሎ አይታጠፍላት።