ክር ሳስገባ

ሐሙስ ሌሊት ጣራው በግብግብ ሲናጋ፣
ጩኸቷን ሰምቼ ተኛሁ እስኪነጋ።
ጧት ሱቄን ስከፍት፣ ደጁ ላይ ዳለቻ
ቁጭ ብላ ታየኛለች በአንድ ዓይኗ ብቻ፤
ግራው፣ ክሩ ላልቶ ሊወድቅ እንዳለ አዝራር፣
ወጥቶ ተንጠልጥሏል ከደረቀ ደም ጋር።

ከሰኞ ገበያ በብስኩት ካርቶን አቅፌ ወሰድኳት፤
ባለባጃጁ «ምን ይዘሃል?» ሲለኝ፣ «ዘበኛዬ ናት።»

ዶክተር ሙህዬ ከበቅሎ ቁስል ተነሥቶ እጁን ታጥቦ መጣ።
«ዓይኑ አልቆለታል፤ ከተውነው ወደ ደህናው ይዛመታል፤ ይውጣ።
ግን እኔ በሬ ነው የማደነዝዝ፤ ለዚህች ለእፍኝ ነፍስ
አትነቃም፣ ጠብታ ካሰብኩት በላይ ቢፈስ።
ወይ ቅባት ልስጥህና ሳምንት እንጠብቅ። ወይ ደግሞ . . .»
ሦስተኛውን አልጨረሰውም፤ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።
እንድሪስ ደወለ፤ «ሁለት ሺህ ብር? ድመት እኮ በነጻ ነው!» ብሎ አማረረ።

ሠላሳ ዓመት፣ ክሩን አርሼ በአፌ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማስገባው በመርፌ።
ሁለቱን ከገለጥኩ ቀዳዳው ሁለት ይሆናል።
ግን ድመት ምን ትሰፋለች? ይህስ ማንን ያሳምናል?

«ይውጣ» አልኩ።
ጆሮዋን ወደ ድምፄ አዞረች፤ በደህናው ዓይኗ አየችኝ፣
እሺም እንቢም ሳትለኝ።

በመስኮቱ ጦሳ ደሴ ላይ ጉም ይለቅቃል። ሙህዬ መርፌውን አወጣ፤
«በምን ዓይነት ክር ነው የምትሰፋው?» አልኩት፣ ሌላ ቃል ሳጣ።