አጋፋሪው

ነሐሴ ሊወጣ፣ ከሌሊቱ ሰባት፣
ሩማይሲያ ሰፈር፣ ኩዌት፣
ስልኬ ጮኸ፤ የማዳም መልእክት፦
«አሥር ላይ እንገባለን፤ ኤርፖርት ጠብቀን፤
ትልቁን ይዘህ ና፣ ሻንጣው እንዳይጠበን።»

ትልቁ ማለት ሃይብሪዱ ነው፣
አርባ ሁለት ቀን ሙሉ የቆመው፣
በሸራ ተሸፍኖ፣ አቧራ ጠጥቶ፣
እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ተጠግቶ።

ሸራውን ገፈፍኩ። ቁልፉን ተጫንኩ።
ዝም። ደግሜ ተጫንኩ።
ዓይኑን አልገለጠ፣ ጆሮውን አልዘረጋ፣
እንደ ወትሮው «ጢጥ» አላለ ወደሱ ስጠጋ።

አንሻ ከኩሽና በር ወጣች፣ ሻሿን እያሰረች፣
ቤት ጠብቂ ተብላ እሷም የከረመች፤
ቁልፉን ከእጄ ወስዳ ጎኑን ፈለቀቀች፦
«ኪስ ሳራግፍ አይቻለሁ፤ ሆዱ ውስጥ ብረት አለች።»
እውነትም ከቁልፉ ሆድ ሌላ ቁልፍ ወጣች፣
ቀጭን፣ የጥንት፣ መብራት የማትለምን፣ በሩን የከፈተች።

ውስጡ ግን ጨለማ ነው።
ፍሬን ረግጬ ማስነሻውን ብጫነው
አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ብላ ሞተች፣
የሆነ ነገር ልትል አስባ እንደተወች።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የሚያስቀው።
ከወንበሩ ሥር ሁለት መቶ ቮልት የታጨቀው
ታላቁ ባትሪ ተኝቷል፣ ጠግቦ፣ ሙሉ፣
መኪናን ከነሰዉ ከነሻንጣው ይገፋል ኃይሉ።
ትንሿ ናት የሞተች፣ ከኋላ ጥግ የተወሸቀች፣
ትልቁን «ተነሥ» የምትል፣ መንገዱን የምትከፍት የነበረች።
ግቢው ሙሉ ግብር፣ አዳራሹ ሙሉ ጠጅ፣
አጋፋሪው ሞቶ ማን ይክፈተው ደጅ?

ጋራዥ ያለው ሰውዬ ነግሮኝ ነበር፦ «ትልቁን ተወው፤
ቆሞም ሰዓቱን፣ ማንቂያውን፣ ቁልፍ የሚያደምጠውን ጆሮ
ትንሿ ናት የምትመግብ፤ አስነሣላት በሳምንት አንድ ዙሮ።»
እሺ አልኩት። እሺ ማለት እዚህ አገር ሥራ ነው።
ወጥቼ ረሳሁ። የዓመት ፈቃዴ መርሳት ብቻ ነው።

ቢጁን ቀሰቀስኩት፣ የጎረቤት ሾፌር፣ የኬረላ ሰው፤
በሽርጡ መጣ፣ አሮጌ ሳኒውን እያስጓራው።
«ኬብሉስ?» አለኝ።
ኬብሉ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው።
ዕቃ መጫኛው ደግሞ በመብራት ነው የሚከፈተው።

አንሻ ሳቀች። ቢጁም ሳቀ። እኔ ሰዓቱን አየሁ፤
ስምንት ከሩብ። የኋላ ወንበር አጥፌ እንደ ሌባ በሆዴ ገባሁ።
በላብና በጎማ ሽታ መሀል፣ በዚያ ጭለማ፣
አንዲት እጀታ ታበራለች አረንጓዴ፣ እንደ ድመት ዓይን፣ ደማቅማ፤
ሳብኳት። ክዳኑ ተነሣ። ከነኬብሌ ብቅ ስል
አንሻ ከላይ ቆማ «እንኳን ማርያም ማረችህ» አለች፣ እንደ አራስ ቤት ወግ፣ በቀልድ መሰል።

ቀዩን በቀይ ነከስኩ፣ ጥቁሩን ከባዶ ብረት።
ቢጁ «ሹዋይ ሹዋይ» አለ፣ «አምስት ደቂቃ ስጣት።»
ቆምን። ሌሊቱ ራሱ ላብ ያልበዋል።
የአንሻ ስልክ መብራት በእጇ ይንቀጠቀጣል።
«አርባ ሁለት ቀን» አለች፣ ባትሪዋን እያየች፣
«እንዴት አደርሽ ያለኝ ሰው የለም።» ዝም አለች።
አንተም ጭምር አላለችም።
እኔ ግን ሰማሁት።

ፍሬን። ማስነሻ። አረንጓዴ ጽሑፍ፦ «ሬዲ»።
ጩኸት የለው ትንሣኤ፣
ሦስት ሰው ብቻ ጉባኤ።

ኤርፖርት ማቆሚያ ላይም ሞተሩን አላጠፋሁት፣
ትንሿ ትጥባ ብዬ እየሠራ ተውኩት።
ባባ ከፊት ተቀመጠ፣ ልጆቹ ከኋላ፣
ስድስት ሻንጣ ትንሿ ራስ ላይ ወጣ፣ ቀጥሎ አንድ ሌላ።
«መኪናው ደህና ነበር?» አለች ማዳም በመስታወቱ።
«ደህና ነበር።» «ቀዝቃዛውን ጨምረው፣ ሙቀቱ!»

ቤት ስንደርስ በሩን አንሻ ከፈተች።
«እንዴት አደርሽ?» አልኳት፣ ከነሻንጣዬ ቆሜ።
አየችኝ፣ የሸሚዜን ቅባት፣ የጉልበቴን አቧራ፣ ድካሜን ደጋግሜ ስተነፍስ።
«አብረን አይደል እንዴ ያደርነው?» አለች፤
ሳቀች፤ ከባዱን ሻንጣ ተቀበለች።