ደም በቀዝቃዛ ውኃ

"ሙቅ ውኃ አታስነኪው፤ ደም በሙቅ ይበስላል፣
ከክሩ ጋር ዘመድ ሆኖ አብሮ ይውላል።"
እንዲህ ስትል ነበር ኦርኔላ ሥራ ያስጀመረችኝ፣
ቶሪኖ፣ ከሆስፒታሉ ሥር፣ ሽርጡን ከኋላ እያሰረችኝ።

ስምንት ዓመቴ ነው። አንሶላ አጥባለሁ፤
ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ከእድፉ አውቃለሁ።

የኔው እድፍ ቃል ነው።
በመጠለያው፣ በተደራራቢው አልጋ፣
ሐመልማል ጠባሳዋን ነገረችኝ እስኪነጋ፤
የትኛው እጅ እንዳቃጠላት፣ በየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት፤
እኔ ግን አልነበረኝም ለጠያቂ የሚበቃ እሳት።
ሲነጋ ተጠራሁ። ፊቷን ፊቴ አድርጌ፣
ታሪኳን ለበስኩት፤ አለቀስኩ ፈልጌ።
በሦስተኛው ቀን እሷ ገብታ ስትናገር፣
"ይህን ሰምተነዋል" አሏት፣ ክንዷን ሳያዩ፣ በአንድ መስመር።
እኔ ወረቀት አገኘሁ። እሷን መለሷት።
የት እንዳለች አውቃለሁ። ደውዬ አላውቅላት።

ዛሬ ስቅለት ነው፤ የእኛው። የከተማው ፋሲካ አልፏል፤
የቸኮሌት እንቁላል በግማሽ ዋጋ ተደርድሯል።
ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ በትራም፣ በባዶ ሆድ፣
መጣሁ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ልሰግድ።
ሐውልቶቹን በመጋረጃ ሸፍነናል።
ወይራውም ከጣልያኖቹ ሆሳዕና የተረፈ ነው፤ ግማሹ ደርቋል።

ቀሲስ ይኄይስ ጀርባዬን በቅጠሉ ነካ አድርገው፣
"ምን አለሽ፣ ልጄ?" አሉኝ፣ ጎንበስ ብለው።
"የሰው ቍስል ሰረቅሁ" አልኳቸው። ቅጠሉ አየር ላይ ቀረ።
ከኋላዬ ሕዝቡ ኪርያላይሶን እያለ ቆጠረ።
ከብዙ ዝምታ በኋላ፦
"የዛሬውን ቍስል እኮ ማንም አልሰረቀው፤
እንካችሁ ብሎ ሰጠን፣ ሳንለምን፣ ሳንጠይቀው።
በእሱ ዳኚ።
በእሷ የወሰድሽውን ግን ሂጂና መልሺ።"

"መቶ ስግደትና አንድ ስልክ" አሉኝ። መቶው ቀለለኝ፤
አንዱ ግን ከኪሴ ሆኖ እስከ ማታ ከበደኝ።

መጽሐፉ፣ በበጉ ደም ልብሳቸውን አነጡ ይላል፤
ኦርኔላ ብትሰማ ትስቃለች፤ በእኛ ሙያ ደም ያቆሽሻል።
ስድሳኛው ላይ፣ ግንባሬ ቀዝቃዛውን እብነ በረድ ሲነካ፣
ስምንት ዓመት በእንባ፣ በሙቅ ውኃ፣ አጥቤው ኖሬያለሁ ለካ፤
ሳበስለው፣
ሳረጋው፣
ከክሬ ጋር ሳዛምደው።
ከድንጋዩ ቅዝቃዜ ውስጥ ደሙ መጥቶ ነካኝ፤
ሳልነጻ ነው፣ ከነእድፌ፣ "ነይ" ብሎ የጠራኝ።

ሲመሽ ወጣሁ። ፖ ወንዝ ሞልቷል፤ ድልድዩ ላይ ነፋስ አለ።
ጣቴ ቁጥሯን ሳይረሳ፣ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ዋለለ።
ደወልኩ። ጠራ። ጠራ። አነሳች።
"ማን ልበል?" አለች።

ስሜን ነገርኳት።
የራሴን።