ውሃ ወቀጣ

ጥቅምት ነው፣ ሌሊት ነው፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ
መስኮቱን ይልሳል በነጭ ምላሱ፤
እኔ ተረኛ ነኝ፤ ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ
ሞቆት፣ ተደላድሎ ይሾራል ጠርሙሱ።

ጦስኝ ነው ውስጡ ያለው። ቅጠል ግን የለውም፣
አበባም የለውም፣ ሥርም አልሰደደ፤
ከመንዝ ገደል አፋፍ ከመጣች ቅንጣቢ
ሕዋስ ከሕዋስ ላይ እየተወለደ፣
ደፍርሶ የሚዞር የስኳር ውሃ ነው፤
ስሙን የሚመሰክር ሽታ እንኳ የለው።

አከራዬ ጋሽ ማንያዘዋል ይህን ሰምተው፣
አጥር ተደግፈው፣
«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!» አሉኝና ገቡ።

እንቦጭ ግን አላለም።
ሕዋሱን ፈጭቼ፣ ጭማቂውን አጥልዬ፣
የቁስል ማጠቢያ ሦስት ጠብታ ባደርግበት
ፈላ! ያለ እሳት ፈላ፤
አረፋው ገንፍሎ እጄን አለበሰው።
ካታሌዝ ይሉታል፤
የሚያቃጥለውን ለሁለት ሰንጥቆ
ውሃና አየር አድርጎ የሚመልሰው።

ቅዳሜ ሸኖ ሄድኩ፣ እትዬ ሽታዬ ዘንድ፤
ሠላሳ ዓመት ቅቤ ስትንጥ፣ ስትሸጥ የኖረች፣
አፍንጫዋ ሚዛን።
ሁለት ብልቃጥ ሰጠኋት፤ ሁለቱም ካንድ ቅል፣
ሁለቱም አርባ ቀን የቆዩ፤
ባንደኛው ብቻ ውስጥ የኔ ጠብታ አለ፤
የቱ እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላልኩም።
«አየሩ ነው» አልኳት «ቅቤን የሚያስረጀው፤
ልክ እንደ ብረቱ፣ ዝገት እንደሚፈጀው።»
«ሰውንም» አለችኝ
ክዳን እየከፈተች።

አሸተተች። ቆየች። የግራውን ገፋችው፤
«ይኼ በስሏል፤ ለጸጉር ይሆናል።»
የቀኙን ደጋግማ አሸተተች፤
«ይኼ ለጋ ነው። የትናንት ነው። አትዋሸኝ።»

ደስታዬን ዋጥኩት።
«ስንት ኪሎ ይወጣል ካንድ ጠርሙስ?» አለች።
«ሦስት ወር ለፍቼ... ሁለት ማንኪያ» አልኳት።
ሳቋ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ፤
ከዚያ ዝም አለችና፦
«ሁሉም ለጋ ቢሆን
በሳል ለሚጠይቀኝ ምን ልመዝንለት?»

ይኼን አላሰብኩም።

እሑድ ሌሊት ስምንት ሰዓት መብራት ሄደ።
ማወዛወዣው ቆመ፤ ጦስኙ ሊሰጥም፣ ትንፋሽ ሊያጥረው ሆነ፤
ቅቤን የሚያስረጀው ያው አየር ለሱ ነፍሱ ነው።
ጠርሙሱን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ፣
እንደ ሽታዬ ቅል
ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣
ውርጩ በመስኮት እያየኝ፣
እስኪነጋ ናጥኩት።